የዐረብ ሳላ በኦማን በረሃ

በዐረብ ምድር በረሃ የሚኖረው ነጭ ሳላ በአዋሽ ሜዳ ለምናውቀው ሳላ የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች በኦማን በአዳኞች ጥይት ስለ ወደቁ፣ ዘሩ የቀረው በሰው እጅ በሚጠበቁት ብቻ ሆነ። እነዚህም በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ የእንስሳት ማኖሪያ አስቀድሞ እንዲራቡ ተደርጎ ነበር። በ1982 ጥቂቶቹ ጂዳት አል ሐራሲስ በሚባለው የኦማን በረሃ ተለቀቁ፤ ጠባቂዎቹም ከዚያው ከሐራሲስ ዘላኖች ተመረጡ።

ስፍራው በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ሳላዎቹ 450 ደረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ከነሕይወታቸው እየያዙ የሚሸጡ ሕገ ወጥ አዳኞች ስለ በዙ ቁጥራቸው ወደ 65 ወረደ። መንግሥትም ነዳጅ ዘይት ለመፈለግ ሲል ከጥብቁ ስፍራ 90 በመቶውን ስለ ቀነሰ፣ በ2007 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ፤ እንዲህ ያለ ስረዛ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ጥብቅ በረሃ የሚጎበኝ ተማሪ እንስሳውን በማየቱ ብቻ ሊረካ አይገባውም። እንስሳው የሚኖረው በአጥር ውስጥ ነው ወይስ በነጻ ይሰማራል? ወሰኑስ በምን ሕግ ጸንቷል? ብሎ ይመርምር። ዘርን ማራባት የሥራው እኩሌታ ነው፤ እኩሌታው መሬቱን መጠበቅ ነው።