ጠመንጃ ዒላማ ሲስት ጥፋቱ ከየት ነው?

አንድ ገበሬ ከብቱን ከጅብ ለመጠበቅ ጠመንጃ ይይዛል። ተኩሶ በሳተ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ «ይህ ጠመንጃ ተበላሽቷል» ይላል። አንዱ በርካሽ ይሸጠዋል። ሌላው ሞረድ አምጥቶ ማነጣጠሪያውን ይሞርደዋል። ይህ እኮ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ዒላማውን የሳተ ጥይት አየር ላይ አይቀርም። የጦር ጠመንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከማዶ ያለው የጎረቤት ቤት ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠመንጃው ለምን እንደሚስት ማወቅ የያዘው ሰው ግዴታ ነው።

የጠመንጃ መሳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መበተን ነው፤ አንዱ ጥይት ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ላይ ይሄዳል። ሁለተኛው ማዘንበል ነው፤ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይመታሉ፤ ቦታው ግን የተነጣጠረበት አይደለም። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

እንዴት እንፈትን?

ሰውና ከብት የማያልፍበት፣ ከዒላማው በስተኋላ ከፍ ያለ የአፈር ገደል ያለበት ቦታ ምረጡ። ጣውላ ላይ ወረቀት ለጥፉና በከሰል መዳፍ የሚያህል ክብ ሥሩ። 50 ሜትር በገመድ ለኩ።

ከመተኮሳችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ከኋላ በኩል ቱቦውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጭቃ ወይም ጨርቅ ከተወተፈበት አትተኩሱ፤ ቱቦው ፈንድቶ ተኳሹን ይጎዳል።

ቱቦው ንጹሕ ከሆነ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ አስደግፋችሁ፣ ተኝታችሁ፣ አምስት ጥይት ተኩሱ። ሁልጊዜም የክቡን መካከል አነጣጥሩ። የመጀመሪያው ሳተ ብላችሁ ሁለተኛውን ወደ ሌላ ቦታ አታነጣጥሩ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን እዩ።

ጥይቶቹ ከተበተኑ

ማነጣጠሪያውን ፈጽሞ አትንኩ። ጥፋቱ ከሚከተሉት በአንዱ ነው።

1ኛ፤ ተኳሹ ራሱ። ድምፁንና የሰደፉን ምት የሚፈራ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ትከሻው ይሸሻል፤ ዓይኑም ይጨፈናል። ይህን ለማወቅ ጓደኛችሁ ጠመንጃውን አንዳንዴ አጉርሶ፣ አንዳንዴ ባዶውን፣ ሳይነግራችሁ ይስጣችሁ። እናንተ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ቆጥራችሁ ወደ ዒላማው ብቻ ያዙት። ባዶ ሆኖ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ጥፋቱ የእጅ ነው። ምላጩን ቀስ ብሎ፣ ሳይነጥቁ መሳብን መልመድ መድኃኒቱ ነው።

2ኛ፤ የላላ ብሎን። ብረቱን ከእንጨቱ የሚያጣብቁት ብሎኖች ከላሉ ብረቱ በየተኩሱ ቦታውን ይለውጣል። ማጥበቅ ነው።

3ኛ፤ የአፈሙዙ ጫፍ። ጠመንጃን በአፈሙዙ መሬት ላይ መትከል፣ ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ክፉ ልማድ ነው። ጫፉ ትንሽ ከተጎዳ የባሩዱ ጋዝ በአንድ ወገን ቀድሞ ይወጣና ጥይቱን ይገፋዋል። ይህን የሚያስተካክለው ጠመንጃ ጠጋኝ ነው።

4ኛ፤ ጥይቱ። የተለያየ አገር ጥይት ቀላቅሎ መተኮስ ይበትናል፤ የባሩዱም የእርሳሱም መጠን አንድ አይደለምና። ልኩ ያልሆነ ጥይት በግድ ማስገባት ደግሞ አደጋ ነው።

5ኛ፤ ዝገትና ማለቅ። ጥይቱን የሚያሽከረክረው በቱቦው ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ቦዩ ካለቀ ጥይቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ብዙ የድሮ ጥይቶች ሲተኮሱ በቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋሉ። አሞሌ ጨው በክረምት እርጥበት እንደሚስብ ሁሉ ይህም እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል። እንዲህ ያለ ጥይት የተተኮሰበትን ቱቦ በዘይት ብቻ መወልወል አይበቃም። ዘይት ጨው አያሟሟም። በዚያው ቀን በፈላ ውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። ያለቀ ቦይ ግን አይመለስም።

ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከሳቱ

ይህ ደስ የሚል ምልክት ነው። ተኳሹም ቱቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው። የቀረው ማነጣጠሪያው ነው።

መጀመሪያ የኋላ ማነጣጠሪያውን ቁጥር አንብቡ። ቁጥሩ ርቀት ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. በወጣው የጀርመን ማውዘር በብዙዎቹ ላይ ዝቅተኛው ቁጥር 400 ሜትር ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው አጭሩ ማውዘር ግን ከ100 ይጀምራል። ለ400 ሜትር የተሠራውን በ50 ሜትር ብትተኩሱበት ከላይ ይመታል። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ብቻ ነው።

ወደ ጎን ከሆነ ሕጉ ይህ ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ጥይቱ ወደ ሄደበት ወገን ይገፋል። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ከፍታውም እንዲሁ ነው። ጥይቱ ከላይ ከመታ የፊቱ ከፍ ማለት አለበት። ከላይ መታ ብሎ የፊቱን የሚሞርድ ሰው ጥይቱን ይብስ ወደ ላይ ይልከዋል። የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ስንት ይገፋ? እዚህ ላይ ሂሳብ ይረዳናል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 50 ሣንቲ ሜትር ነው እንበል። ዒላማው በ50 ሜትር ማለትም በ5000 ሣንቲ ሜትር ላይ ነው። 5000 ለ50 ሲካፈል 100 ይሆናል። ጥይቶቹ በ20 ሣንቲ ሜትር ማለትም በ200 ሚሊ ሜትር ከሳቱ፣ 200 ለ100 ሲካፈል 2 ይሆናል። ስለዚህ ማነጣጠሪያው የሚገፋው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በግምት በመዶሻ የመታው ሰው ግን ምን ያህል እንደገፋ አያውቅም። ከገፋችሁ በኋላ እንደገና ተኩሳችሁ አረጋግጡ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። መጀመሪያ ፈትኑ፤ ቀጥሎ ለኩ፤ ከዚያ አስተካክሉ። ሥራው ሲያልቅ ጥይቱን አውጥታችሁ ጠመንጃውን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ይህንንም ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት።