ሞተር የሚተነፍሰው አየር፤ በእጅ ስለሚሠራ የቀዝቃዛ አየር መሳቢያ

(በሬድዮ የተነገረ)



ከቀትር በኋላ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ጧት ያንኑ ዳገት ያለ ድካም የወጣው መኪና ከቀትር በኋላ ያቃስታል፤ ማርሽ እንዲቀነስለት የሚለምን ይመስላል፤ የቤንዚኑ መርገጫ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ምላሹ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ አንድ ባልንጀራ ከጎን ተቀምጦ፣ «ኮፈኑ ውስጥ አንድ ቱቦ አስገባለት፤ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ይሳብ፤ ያን ጊዜ እንደ ፈረስ ይጋልባል» ብሎ ይመክራል። ምክሩ እውነት አለበት፤ ሆኖም እውነቱ ልክ አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ልኩ የት ድረስ እንደ ሆነና ሥራው ሞተሩን ሳይጎዳ እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ነው።

ሰው ሁሉ ሞተር ቤንዚን ይበላል ሲል ይሰማል፤ አየር ይበላል የሚል ግን ጥቂት ነው። ነገሩ በሚዛን ቢታይ ሞተር ከቤንዚን ይልቅ እጅግ አብልጦ የሚበላው አየር ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ቤንዚን 11 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ አየር በአዲስ አበባ ከፍታ ሲሰፈር ወደ 12 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይኸውም ወርዷ 2፣ ርዝመቷ 3፣ ቁመቷም 2 ሜትር የሆነችውን ክፍል ይሞላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ባለቀ ቁጥር ሞተሩ እንዲህ ያለችውን ክፍል አየር ጠጥቶ ይጨርሳል።

እንግዲህ የነገሩ ምሥጢር ከዚህ ላይ ነው። ሞተር አየርን የሚስበው በስፍር ነው፤ የሚያቃጥለው ግን በክብደት ነው። አንድ ቁና በቆሎና አንድ ቁና ፈንዲሻ ስፍራቸው እኩል ነው፤ በሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ልዩነታቸው ይታያል። አየርም እንደዚሁ ነው። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ይነፋል። ሞተሩ የሞቀ አየር በሳበ ጊዜ ስፍሩን ሞላሁ ይላል እንጂ የያዘው ፈንዲሻ ነው።

በቁጥር ለማየት ያህል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር 50 ዲግሪ ከሆነው አየር በ10 በመቶ ያህል ይከብዳል። መኪና በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ሲቆይ በኮፈኑ ሥር ያለው አየር ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ከኮፈኑ ውጭ ያለውን አየር ለሞተሩ ማድረስ ጥቅም አለው የሚለው አሳብ መሠረቱ የጸና ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የከፍታችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች አየሯ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በጅቡቲ ወደብ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን እዚህ ያጣል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ አዳማ የወረደ ነጂ «መኪናዬ ነቃ» የሚለው ስለዚሁ ነው። ይህን ጉድለት ማንኛውም ቱቦ ሊሞላው አይችልም። ቱቦው የሚመልሰው በሙቀት ምክንያት የጠፋውን ብቻ ነው፤ መኪናው እየሄደ ሳለ ደግሞ ነፋሱ ኮፈኑን ስለሚያቀዘቅዘው ይኸውም ጥቂት በመቶ ነው።

ሁለተኛው የቤንዚን ቁጠባ ጉዳይ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚጠቅመው መርገጫው እስከ መጨረሻው በተረገጠ ጊዜ፣ ማለትም በዳገትና በማለፍ ላይ ነው። በደልዳላ መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ግን በሞተሩ ጉሮሮ ላይ ያለው የአየር በር በከፊል የተዘጋ ነውና፣ የሚገባው አየር ቢከብድ ነጂው መርገጫውን በጥቂቱ ያላላል እንጂ የቤንዚኑ ወጪ አይቀንስም። ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቢኖር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል።

በዚህ ላይ ጆሮም ያታልላል። የፋብሪካው የአየር ማጣሪያ ሳጥን አቧራ ከማጥራቱ ሌላ የሞተሩን የአተነፋፈስ ድምፅ ያፍናል። ሳጥኑ ወጥቶ በምትኩ ራቁቱን የሆነ ማጣሪያ ከኮፈኑ ሥር ሲሰካ መኪናው ያገሣል፤ ነጂውም ያገሣ ሁሉ የበረታ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ የሚስበው ከሞተሩ ጎን የፈላውን አየር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ሥራ የባሰ ይሆናል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ። ከማጣሪያው ሳጥን የሚወጣውን የአየር አፍ በእጅዎ ይከተሉ። በብዙ መኪናዎች ላይ አፉ ከፊት መብራቱ ኋላ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ሲያልቅ ያገኙታል። እንዲህ ከሆነ ፋብሪካው ቀዝቃዛውን አየር አስቀድሞ አምጥቶልዎታልና ኮፈኑን ዘግተው ወደ ሌላ ጉዳይዎ ይሂዱ። አፉ ወደ ሞተሩ ዞሮ፣ ወይም ቱቦው ተሰብሮና ወልቆ፣ የሞቀውን አየር የሚስብ ሆኖ ሲገኝ ግን ሥራው ሊሠራ ይገባዋል።

ቀጥሎም ይለኩ። በኋለኛው ዘመን የተሠሩ መኪናዎች የሚስቡትን አየር ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ ቁጥሩም ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ በሚገባ አነስተኛ ማንበቢያ ይታያል። ይህ መሰኪያ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የግድ ሆኖአል። ማንበቢያ የሌለው ሰው ረጅም ገመድ ያለውን ቴርሞሜትር ከሳጥኑ አፍ ላይ ሊያስር ይችላል። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ የሚሳበው አየር ከውጭው አየር ከ5 ዲግሪ በታች ብቻ የሚበልጥ ከሆነ፣ ሊገኝ የሚችለው ጥቅም ከ2 በመቶ በታች ነውና ድካሙን ይተዉት።

ሥራው የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ አንድ ሕግ ይጠብቁ። ከማጣሪያው በፊት ባለው ክፍል ላይ ይሥሩ፤ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን አይንኩ። ከማጣሪያው በፊት ያለው ቱቦ ቢያፈስ የሚገባው አቧራ በማጣሪያው ላይ ይቀራል። ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢኖር ግን የጎዳናው አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ብረት የሚሞርድ ነው፤ የፒስቶኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ሞተሩም ዘይት መጠጣትና ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ይጀምራል።

ከዚህም ሌላ በብዙ መኪናዎች ላይ ከማጣሪያው ቀጥሎ የአየሩን ክብደት የሚመዝን የጋለ ቀጭን ሽቦ ተቀምጦአል። ይህ መሣሪያ የተስተካከለው በፋብሪካው ቱቦ ስፋት ልክ ነው። ቱቦው በሰፋ ሌላ ቢለወጥ የአየሩ ፍጥነት ይቀንስና መሣሪያው እውነተኛውን ክብደት አሳንሶ ያነባል፤ ሞተሩም ከሚገባው ያነሰ ቤንዚን ይደርሰዋል። በዘይት የሚታጠበው የጥጥ ማጣሪያም ዘይቱ በበዛ ጊዜ ይህንኑ ሽቦ ያቆሽሻል። እንዲሁም ከሞተሩ የሚመጣው አነስተኛ የመተንፈሻ ቱቦ ከማጣሪያው በኋላ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ያንን ፈትቶ ክፍቱን የተወ ሰው ለአቧራ በር ከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ የፋብሪካው ሳጥንና ማጣሪያ በቦታቸው ይኑሩ፤ እርስዎ የሚያረዝሙት የሳጥኑን አፍ ብቻ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ስፋቱ ከሳጥኑ አፍ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ የሚበልጥ የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም በቀጥቃጭ የተጠቀለለ ላሜራ፣ የሚያያይዝ የጎማ ቱቦ፣ ሁለት ፋሸታና አንድ መያዣ ነው። ምናለሽ ተራና ሶማሌ ተራ ለሚመላለስ ሰው ይህን ማግኘት አይቸግረውም። ለውሃ መስመር የሚሠራው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በ80 ዲግሪ ገደማ ስለሚለሰልስ ለዚህ ቦታ አይመችም።

ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ቱቦውን ከሳጥኑ አፍ ወደ ፊት መብራቱ ኋላ ወይም ወደ ራዲያተሩ ጎን ይምሩት። ከጭስ ማውጫው፣ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ይራቅ። መታጠፊያው ጥቂት ይሁን፤ አየር በእያንዳንዱ እጥፋት ይደክማልና። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ። አፉ ላይ ቅጠልና አይጥ እንዳይገባ ዓይነ ሰፊ የሽቦ ወንፊት ይግጠሙ፤ ከቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይም ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይብሱ። መያዣውን በቡሎን ሲያስሩ ቱቦው ከሞተሩ ጋር እየተንቀጠቀጠ ከብረት እንዳይፋተግ በመካከሉ ጎማ ያግቡበት።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ ደርሰናል፤ እርሱም ውሃ ነው። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ የቱቦውን አፍ ከፊት መከላከያው በታች የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። በበጋ ምንም አይሰማቸውም። ሐምሌና ነሐሴ መጥቶ ጎርፍ በአስፋልቱ ላይ በተኛ ጊዜ ግን ሞተሩ በአየር ፈንታ ውሃ ይስባል። አየር ሲጨምቁት ይታመቃል፤ ውሃ ግን እሺ አይልም። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን እንደ ዐለት ይጋፈጠዋል፤ ፒስቶኑን የሚገፋው የብረት ክንድ ይጣመማል፤ አንዳንድ ጊዜም ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በርቅሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ጥገናውም ሞተር እስከ መለወጥ ያደርሳል። ስለዚህ የቱቦው አፍ ከፊት መብራቱ ከፍታ በታች አይውረድ፤ የሚረጨው ውሃ በቀጥታ እንዳይመታውም ወደ ጎን ይዙር። መኪናዎ ውሃ ውስጥ ቢጠፋ ደግሞ ደግመው አያስነሡት፤ አስገፍተው አውጥተው መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ይመልከት። ብዙ ሞተር የሚሰበረው ነጂው «አንዴ ልሞክር» ባለ ጊዜ ነው።

የድሮ ቮልስዋገን ወይም ሌላ ባለ ካርቡራተር መኪና ያላቸው አንባቢዎች ከዚህ ሥራ ቢርቁ ይሻላቸዋል። ቤንዚን በካርቡራተር ውስጥ ሲተን ብርድ ስለሚፈጥር፣ እርጥብና ቀዝቃዛ በሆነ ጧት ጉሮሮው በረዶ ሊይዝ ይችላል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞቀ አየር የሚያመጣው ቱቦ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው።

ሥራው ሲያልቅ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ደግመው ይለኩ። ሙቀቱ ካልቀነሰ ቱቦው ጌጥ ሆኖአል ማለት ነውና ያውጡት። ከአንድ ወር በኋላም የማጣሪያውን ሳጥን ከፍተው ከማጣሪያው ኋላ ያለውን ግድግዳ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ አቧራ ካወጣ ማጣሪያው በቦታው በሚገባ አልተቀመጠም።

መኪናው የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ይህን ለክፍሉ መካኒክ ይንገሩ እንጂ በእጅዎ አይፍቱት፤ የሕዝብ ንብረት ነውና። የራስዎ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና በቀላሉ የሚተካ አልሆነም። ለብዙ የደመወዝ ሰው መኪናው የዓመታት ቁጠባ ነው። ስለዚህ ከቱቦው በፊት የቆሸሸውን ማጣሪያ ይለውጡ፣ ያረጀውን ካንዴላ ያስቀይሩ፣ የጎማውን ነፋስ ያስተካክሉ። ከዚህ በኋላም ዳገቱ ከከበደ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ቀዝቃዛ ከመሆኑ በፊት ንጹሕና ደረቅ መሆን እንዳለበት ሳይዘነጉ ሥራውን ይጀምሩ።