ታሪኩ መሃል ላይ ሲቋረጥ፦ ጣቢያ ለተመልካቹ ምን ዕዳ አለበት?

የጃፓኑ አኒሜ «ዋን ፒስ» ቱናሚ ከተባለው የአሜሪካ የቅዳሜ ሌሊት ፕሮግራም የወረደው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየሳምንቱ ለአራት ዓመት ገደማ ከታየ በኋላ 384ኛው ክፍል ላይ ቆመ። በአድናቂዎቹ መካከል የተነሳው ክርክር ከዚያ በፊት በሌሎች አኒሜዎች ላይ ተነስቶ የነበረ፣ ከዚያ ወዲህም ያልበረደ ነው። አንዱ ወገን ጣቢያው ሥራውን ናቀው፣ አድናቂውንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ይላል። ሌላው ወገን የተመልካች ቁጥር ካልበቃ ፕሮግራም ይወርዳል፣ ነገሩ ይኸው ነው ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ የሳቱ ይመስለኛል። መውረዱ በሥራው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ተከታታይ ታሪክ የጀመረ ጣቢያ፣ ታሪኩን ለተከተሉት ሰዎች ዕዳ ገብቷል። መመዘን ያለበት ይህን ዕዳ እንዴት እንደከፈለ ነው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ጣቢያው የማሳያ መብቱን በገንዘብ ይገዛል፤ ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት በሚሸጠው ማስታወቂያ ነው። በ2017 በአሜሪካ የማስታወቂያው ዋጋ የሚወሰነው ኒልሰን የተባለው ድርጅት ለናሙና ከመረጣቸው ቤቶች በሚሰበስበው የተመልካች ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነበር። ከናሙናው ውጭ የሆነ ሰው ፕሮግራሙን የቱንም ያህል ቢወደው ቁጥሩን አያንቀሳቅሰውም ነበር። በሳምንቱ መሃል በኢንተርኔት ያየውም ለዚያ የቅዳሜ ሌሊት ሰዓት የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ረጅም ተከታታይ ታሪክ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት፤ ነባር ተመልካቹ አንድ ሁለት እያለ ሲቀንስ፣ በምትኩ አዲስ ሰው ማስገባት አይችልም። ሦስት መቶ ሰማንያ ክፍል ያለፈውን ታሪክ ከመሃል ገብቶ ማን ይከተላል? ቁጥሩ ሲወርድ ጣቢያው ፕሮግራሙን ወደ ጥልቅ ሌሊት ይገፋዋል፣ ጥልቅ ሌሊት ደግሞ ቁጥሩን ይበልጥ ያወርደዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀርበው አኃዝ እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ሰዓቱ ነው እንጂ ስለ ታሪኩ አይደለም።

የጃፓን ቴሌቪዥን ታሪክ ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1974 የተጀመረው የጠፈር ጦር መርከብ «ያማቶ» 39 ክፍል ሊሆን ታቅዶ 26 ላይ ተቆረጠ። የደረሰበት ሰዓት ክፉ ነበር፤ በሌላ ጣቢያ በተመሳሳይ ሰዓት ሕዝብ የወደዳት «ሃይዲ» ትታይ ነበር። ከዚያ በድጋሚ ሲታይ ወጣቶች ተሰበሰቡለት፣ በ1977 ፊልም ሆኖ ሲወጣም በየሲኒማ ቤቱ በር ሌሊቱን ተሰልፈው አደሩ። በ1979 የጀመረው «ጋንዳም» ዕጣው ከዚህ ብዙም አልራቀም። የአሻንጉሊት አምራች የሆነው ስፖንሰሩ ክሎቨር የሚፈልገውን ሽያጭ ስላላገኘ 52 ሊሆን የነበረው ታሪክ በ43 ክፍል ተጠቀለለ። በ1980 ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴሎቹን ማውጣት ሲጀምር ገበያው ደራ፣ ቀጥሎም ሦስት ፊልሞች ተሠሩ፤ «ጋንዳም» ዛሬም ከጃፓን ትልልቅ የንግድ ስሞች አንዱ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ሲቋረጡም ሆነ ሲወደዱ ያው ሥራዎች ነበሩ። ስለዚህ «ወረደ» ማለት «ወደቀ» ማለት ነው ብሎ የሚደመድም ሰው፣ አድናቂም ይሁን ተቺ፣ ከቁጥሩ አቅም በላይ የሆነ ነገር እያስነገረው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጣቢያውን የተከላከልኩለት ሊመስል ይችላል። ዕዳው የሚታየው ግን «ዋን ፒስ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳለፈውን ሁሉ ቀረብ ብለን ስናይ ነው። ኤይቺሮ ኦዳ በ1997 መሳል የጀመረው ይህ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ በጃፓን ፉጂ ቲቪ ላይ የወጣው በ1999 ነው። በ2004 ፎርኪድስ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ሕፃናት ሲያዘጋጀው 143ቱን የመጀመሪያ ክፍሎች ቆራርጦ 104 አደረጋቸው። ከገጸ ባሕርያቱ የሳንጂ ሲጋራ ከረሜላ ሆነ፤ የዞሮ ስም ሳይቀር ተቀየረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ላቡን የተባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ከነታሪኩ መውጣቱ ነው። ላቡን እንመለሳለን ብለው ትተውት የሄዱ መርከበኞችን ለ50 ዓመት የሚጠብቅ፣ በናፍቆት ራሱን ከቋጥኝ ጋር የሚያላትም ፍጡር ነው። ለችኩል አርታኢ ከዋናው መንገድ የወጣ ትርፍ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከሁለት መቶ ሰባ በላይ ክፍሎች በኋላ ብሩክ የተባለ፣ ሥጋው አልቆ አጽሙ ብቻ የቀረ ሙዚቀኛ ይመጣል፤ ለላቡን ቃል ከገቡት መርከበኞች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዓሣ ነባሪው ዛሬም እንደሚጠብቀው ሲሰማ የሚያለቅሰው ልቅሶ፣ ላቡንን አይቶ ያሳለፈ ተመልካች ከሆነ ብቻ ነው በሙሉ ክብደቱ የሚያርፍበት። ታሪኩን በቴሌቪዥን ብቻ የተከተለ አሜሪካዊ ግን የብሩክን ዕንባ አየ፣ ላቡን ሲጠብቅ የነበረበትን ታሪክ በቦታው አላየም።

የ2017ቱ መቋረጥም የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቱናሚ የብሩክን ምዕራፍ አሳይቶ ብዙም ሳይቆይ አቆመ። ቀጥሎ የሚመጣው የሳባኦዲ ምዕራፍ ነው፤ የዋናው ባለታሪክ የሉፊ ጓደኞች አንድ በአንድ ከዓይኑ ፊት የሚጠፉበት፣ ከዚያም ወንድሙ ኤስ የሚሞትበት ጦርነት የሚከተልበት፣ ብዙ አድናቂዎች የታሪኩ ልብ የሚሉት ክፍል። ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 2022 ሲመለስ የጀመረው ከ517ኛው ክፍል ነው፤ ጓደኞቹ ከሁለት ዓመት መለያየት በኋላ የሚገናኙበት ቦታ። ባዶውን 132 ክፍል ልብ በሉት፤ ተመልካቹ መለያየቱን ሳያይ መገናኘቱን ተጋበዘ። ለአዲስ ሰው መግቢያ በር እንደሆነ ይገባኛል፣ ክፋትም አላይበትም። ታማኝ ሆኖ ለቆየው ግን የሐዘኑ ቤት ሳይከፈት የደስታው ድንኳን ተተከለ።

«ጣቢያ ንግድ ነው፤ በኪሳራ ይቀጥል ወይ?» የሚል ይኖራል። አይቀጥል። እኔ የምለው ዕዳ ፕሮግራሙን እስከ ዘላለም ማሳየት አይደለም፤ ከሺህ ክፍል ላለፈ ታሪክ ያን መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም። «ሁሉም በኢንተርኔት አለ፣ እዚያ ሄደው ይዩ» የሚለው መልስ ይበልጥ ይከብዳል፣ ግማሹም እውነት ነው። ክፍሎቹ አሉ። የማይገኘው አብሮ የሚታይበት ሰዓት ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱን ክፍል በአንድ ሌሊት አይተው በማግስቱ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩበት። ለወርሃዊ ክፍያ አቅም የሌለው ወይም የራሱ ካርድ የሌለው ልጅም አለ፤ ለእሱ «እዚያ ሂድ» ማለት «ተው» ማለት ነው። «አድናቂዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጩኸታቸው ነው የበዛ» የሚለውን ደግሞ የቱናሚ የራሱ ታሪክ ይመልሰዋል። በ2008 የተዘጋው ይህ ፕሮግራም በኤፕሪል 1 ቀን 2012 ለቀልድ ያህል ለአንድ ሌሊት ተመልሶ ነበር። የተመልካቹ ጥሪ እጅግ ስለበረታ በሜይ መጨረሻ በቋሚነት ተመለሰ።

ጥሪው የሚሠራው ግን ሒሳቡን በሚያውቅ ሰው አንደበት ሲቀርብ ነው። «ሴይለር ሙን» በ1995 በአሜሪካ ሲጀመር በብዙ ከተሞች የተሰጠው ሰዓት ልጆች ገና ያልነቁበት ማለዳ ነበር፤ 65 ክፍሎች ታይተው አዲስ ክፍል ቆመ፣ የተጀመረው ምዕራፍም ተንጠለጠለ። «መርከበኞቻችንን አድኑ» በሚል የተሰባሰቡት አድናቂዎች ጣቢያዎችን በስድብ ከማጥለቅለቅ ይልቅ ፊርማ አሰባሰቡ፤ አባሎቻቸውንም የስፖንሰሩን የኬሎግን ፖፕ ታርት እንዲገዙ አስተባበሩ። የቀሩት 17 ክፍሎች ከጊዜ በኋላ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው ታዩ። ይህን ሁሉ ያደረገው ዘመቻው ብቻ ነው አልልም፤ ግን ከማስታወቂያ ከፋዩ ጋር በሚግባባበት ቋንቋ መነጋገራቸው ትክክል ነበር። በአንጻሩ በድምፅ ተዋናዮችና በፕሮግራሙ ሠራተኞች ላይ የሚወርደው ስድብ ውሳኔው በእጃቸው ያልሆነ ሰዎችን ነው የሚጎዳው፤ አድናቂነት ለዚያ ፈቃድ አይሰጥም።

ዕዳውን መክፈል ከባድ እንዳልሆነ ያሳየው ፉጂ ቲቪ ነው። በኦክቶበር 2024 «ዋን ፒስ» ከመደበኛ ሥርጭቱ ለስድስት ወር ገደማ ሲያርፍ፣ የሚመለስበት ወር አስቀድሞ ተነገረ። ክፍት የቀረው ሰዓት ለሌላ አልተሰጠም፤ የቀድሞው የዓሣ ሰዎች ደሴት ምዕራፍ እንደ አዲስ ተስተካክሎ በ21 ክፍሎች ታየበት። በኤፕሪል 2025 ታሪኩ ሲመለስ የቆየበትን የእሑድ ጠዋት ትቶ ወደ እሑድ ሌሊት ተዛወረ። በለውጡ ያልተደሰተ ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ የተተወ ግን አልነበረም። ቱናሚም በ2017 ሊከፍል ይችል የነበረው ይኼን ያህሉን ነው፦ መቋረጡን ከሳምንታት በፊት መናገር፣ ታሪኩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚገኝ በዚያው ሰዓት ማሳወቅ፣ በ2022 ሲመለስም የተዘለሉትን 132 ክፍሎች የሚያስታውስ የአንድ ሌሊት ማጠቃለያ ከ517ኛው በፊት ማቅረብ።