ከወደብ ጸሐፊነት እስከ ካምብሪጅ፤ የሒሳብ ሊቁ ራማኑጃን ሕይወትና ሥራ

ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በቁጥር ንድፈ ሐሳብ መስክ ከዓለም ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ተርታ ከመሰለፋቸው በፊት በማድራስ ወደብ አስተዳደር በወር 30 ሩፒ የሚከፈላቸው የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። ዲግሪ ያልነበራቸው እኚህ ወጣት ችሎታቸው ባክኖ እንዳይቀር በማድረግ ረገድ የመንግሥት ሹማምንትና የሥራ ኃላፊዎች ከፍተኛ ድርሻ እንደነበራቸው የሕይወት ታሪካቸው ያመለክታል።

ራማኑጃን እ.ኤ.አ ዲሴምበር 22 ቀን 1887 በደቡብ ሕንድ ኤሮድ ከተማ ተወልደው በኩምባኮናም አደጉ። አባታቸው በጨርቅ መደብር ጸሐፊ ነበሩ። ራማኑጃን ኮሌጅ ቢገቡም ሙሉ ትኩረታቸውን ለሒሳብ በመስጠታቸው በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ወድቀው የነፃ ትምህርት ዕድላቸውን አጡ።

እ.ኤ.አ በ1910 ሥራ ፍለጋ የሕንድ የሒሳብ ማኅበር መሥራች ወደሆኑት የመንግሥት ሹም ራማስዋሚ አየር ቀርበው የሒሳብ ደብተራቸውን አሳዩ። ሹሙም በዝቅተኛ የሥራ መደብ ከመቅጠር ይልቅ በማድራስ ለሚገኙ የሒሳብ ባለሙያዎች የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የኔሎር አውራጃ አስተዳዳሪ ራማቻንድራ ራኦም ለጊዜው ወርኃዊ ድጎማ አደረጉላቸው። እ.ኤ.አ በ1912 በወደቡ ከተቀጠሩ በኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ፍራንሲስ ስፕሪንግና የቅርብ አለቃቸው ናራያና አየር ምርምራቸውን እንዲቀጥሉ አበረታቷቸዋል።

ራማኑጃን እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1913 የምርምር ውጤቶቻቸውን የያዘ ደብዳቤ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ለሆኑት ጎድፍሬይ ሃሮልድ ሃርዲ ላኩ። ቀደም ሲል የተጻፈላቸው ሌሎች ምሁራን ትኩረት ያልሰጡትን ሥራ ሃርዲ መርምረው ከፍተኛ ዋጋ ሰጡት። ይህን ተከትሎ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት በወር 75 ሩፒ ፈቀደላቸው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ለእንዲህ ያለው ልዩ ድጋፍ ድንጋጌ ስላልነበረው፣ ጉዳዩ ሕጉ በሚፈቅደው አግባብ በአገረ ገዢው ፈቃድ እንዲፈጸም ተደርጓል።

እ.ኤ.አ በ1914 ወደ እንግሊዝ የተጓዙት ራማኑጃን ከሃርዲ ጋር ካከናወኗቸው ሥራዎች መካከል አንድ ሙሉ ቁጥር በስንት መንገድ በድምር ሊጻፍ እንደሚችል የሚያሰላው ቀመር ይጠቀሳል። ለምሳሌ 4 ቁጥርን በ5 መንገድ ማለትም 4፣ 3+1፣ 2+2፣ 2+1+1 እና 1+1+1+1 በማለት መጻፍ ይቻላል። ለ100 ግን መንገዶቹ 190,569,292 ይደርሳሉ። በ1918 የታተመው ቀመር ይህን አንድ በአንድ መቁጠር ሳያስፈልግ ለማስላት አስችሏል።

በዚያው ዓመት ራማኑጃን የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ። ይሁን እንጂ በጽኑ ሕመም ተይዘው በ1919 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ አፕሪል 26 ቀን 1920 በ32 ዓመታቸው አረፉ።

ትተዋቸው ያለፏቸው ደብተሮች ግን ለተከታታይ ትውልድ ተመራማሪዎች ሥራ ሆነዋል። በ1916 ካቀረቧቸው ግምቶች አንዱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ከ58 ዓመታት በኋላ፣ በ1974 በቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደሊኝ ነው። ሕንድም ከ2012 ጀምሮ የልደት ቀናቸውን ብሔራዊ የሒሳብ ቀን አድርጋ ታከብራለች።

ሥራ ፈላጊው ወጣት ያቀረቡት የትምህርት ማስረጃ ሳይሆን አንድ ደብተር ነበር። ደብተሩን ገልጠው ያዩት ኃላፊዎች ውሳኔም ለዓለም የሒሳብ ሳይንስ ተርፏል።