ለመኪና ኤሌክትሪክ ምርመራ ምን ዓይነት ኦሲሎስኮፕ ይገዛ?

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መኪና ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይሻል፤ ፍሬንና መብራት። የፍሬኑን ጉዳይ ለሌሎች ጓደኞቻችን እንተወው፤ መብራቱ ግን የኤሌክትሪክ ነገር ነውና የኛ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በር ላይ ጭጋግ ሲተኛ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በዚህ ሰዓት መብራቱ እየፈዘዘ የሚሄድበት ሾፌር ትናንት ጋራዥ ገብቶ «ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ 14 ቮልት ይሰጣል» ተብሎ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ 14 ቮልት እየሰጠ የታመመ ዲናሞ አለ ወይ? አዎን፣ አለ። እንደሚታወቀው ዲናሞ (አልተርኔተር) በውስጡ የሚያመነጨው አቅጣጫው የሚለዋወጥ ጅረት ነው። ይህንን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልሱት ዲዮዶች ሲሆኑ በተለመደው ዓይነት ዋናዎቹ ስድስት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ቢቃጠልና መስመሩ ቢቋረጥ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጭነት በሌለበት ጊዜ ቴስተሩ ያው 14 ያሳያል፤ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ አብረው ሲጫኑበት ግን አቅሙ ያንሳል። ቴስተር በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቁጥሩን የሚያድስ፣ አማካዩን የሚነግረን መሣሪያ ነው። የአንድ ክፍል አማካይ ውጤት 60 ነው ቢባል ለመምህሩ ምን ይነግረዋል? ሁሉም 60 አግኝተው ይሆናል፤ ግማሹ 90 ግማሹ 30 አግኝቶም ይሆናል። (ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙሮ መለካት ችግር መኖሩን ይጠቁማል፤ የችግሩን መልክ ግን አያሳይም።)

ኦሲሎስኮፕ የሚሠራው የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት እንደ መለጠፍ ነው። ቮልቱን ከታች ወደ ላይ፣ ጊዜውን ከግራ ወደ ቀኝ አድርጎ ይሥላል። መነሻው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 እ.ኤ.አ. የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ነው። የጤነኛ ዲናሞ ሥዕል እኩል እኩል የሆኑ ትናንሽ ጉብታዎች ሲሆኑ፣ አንድ ዲዮድ የተቋረጠበት ግን በየዙሩ ጎድጓዳ እየሠራ ይሄዳል። ይህንን ለማየት ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ገመድ ባትሪው ላይ መያዝ ይበቃል።

እንግዲህ አንድ ጀማሪ ይህን መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ ሻጩ በመጀመሪያ የሚነግረው ስለ ሜጋኸርዝ ነው። ይህ 20 ነው፣ ያኛው 100 ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። በኛ አስተያየት ለመኪና ሥራ በዚህ ቁጥር መታለል የለብንም። እስቲ እናስላው። ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 50 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የክራንክ ሴንሰር የሚያነበው ጎማ በ36 ጥርስ ልክ ተከፍሎ ሁለቱ የጎደሉበት ነው። 36 በ50 ቢባዛ 1,800፤ ማለትም አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኸርዝ። ሜጋኸርዝ ግን ሚሊዮን ነው! የኢንጀክተር መከፈቻ ጊዜም ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ከመኪና ውስጥ ፈጠን የሚለው ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ካን የተባለው መስመር ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 500,000 ቢት ነው። አንዱን ቢት አሥር ጊዜ ለማየት በሴኮንድ 5 ሚሊዮን ናሙና የሚወስድ መሣሪያ ይበቃል። ስለሆነም 10 ሜጋኸርዝ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ቦታ ይዋል።

የት ይዋል? በመጀመሪያ ሁለት ቻናል ባለው ላይ። አንድ ሞገድ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይናገርም። በካን መስመር አንደኛው ሽቦ ከ2.5 ወደ 3.5 ቮልት ሲወጣ ሁለተኛው ከ2.5 ወደ 1.5 መውረድ አለበት፤ ሁለቱ እንደ መስተዋት መተያየታቸውን ጎን ለጎን ካላየን እንዴት እናውቃለን? ቀጥሎ ምስሉን በተፈለገው ቅጽበት ይዞ የሚያስቀር ትሪገርና ማስታወሻ ያስፈልጋል። ሽቦው ተፍቆ በኮረኮንች ላይ ብቻ የሚቋረጥ ሴንሰር የሚጠፋው ለጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ነው። ስካነር ቢሰካበት «ክራንክ ሴንሰር» የሚል ኮድ ያወጣል። ታዲያ ኮዱ የሚለው የሴንሰሩ መስመር ታወከ ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞተ አይደለም። ባለንብረቱ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ አዲስ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ያው ይቆማል። ይህ ገንዘብ ከሰው ኪስ የሚወጣ ነው፤ የምናስተምረው ልጅ ነገ የሚሠራውም እንደዚሁ ከሆነ ምን አስተማርነው?

የቮልት መጠን ጉዳይ ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቹ ርካሽ የዩኤስቢ ኦሲሎስኮፖች በቀጥታ የሚችሉት ከ+5 እስከ -5 ቮልት ነው። በአሥር የሚያካፍለው መንኪያ (ፕሮብ) ሲገጠም 50 ይደርሳል። ይህ ለ12 ቮልት መኪና ባትሪ፣ በ24 ቮልት ለሚሠሩትና ሲሞሉ 28 ለሚደርሱት የአይሱዙ የጭነት መኪናዎችም ይበቃል። ኢንጀክተር ሲዘጋ ግን ከ60 ቮልት በላይ ሊወረውር ይችላል፤ በሃያ የሚያካፍል ማሳነሻ (አቴኑዌተር) ተገዝቶ ይታከል። የቦቢና የመጀመሪያው መስመር ደግሞ 300 እና 400 ቮልት ስለሚደርስ ከዚያም ያልፋል። ወደ ካንዴላ የሚሄደው ሽቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነውና በቀጥታ አይነካም።

ሌላው እንቆቅልሽ ይህ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ባለ 8 ቢት ናቸው፤ ሥዕሉን በ256 ደረጃ ይከፍላሉ። ከ+50 እስከ -50 ያለው 100 ቮልት ለ256 ሲካፈል አንዱ ደረጃ 0.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። የጤነኛ ዲናሞ ጉብታ ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። ስለዚህ በዚያ ስፋት ላይ ሆነን ብንመለከት የምናየው አንድ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው! መፍትሔው 14 ቮልቱን ወደ ጎን ትቶ ጉብታውን ብቻ የሚያሳልፍ ኤሲ ኮፕሊንግ ነው። አንዳንዱ ርካሽ መሣሪያ ይህ የለውም። ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ይሁን።

ዓይነቶቹን ባጭሩ እንያቸው። በወርክሾፕ ጥግ አቧራ የለበሰ ባለቱቦ ኦሲሎስኮፕ ካለ አይጣል፤ ለማስተማሪያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከባድ ነው፣ መብራት ከሄደ ይቆማል፣ ተራው ዓይነትም አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የጠፋ ነገር ይዞ አያስቀርም። ዲኤስኦ138 የሚባለው በሠልጣኙ እጅ የሚበየድ ኪት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ባለ አንድ ቻናልና 200 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ለካን አይሆንም፣ ለክራንክ ሴንሰር ግን ይሠራል። ከቴስተር ጋር የተጣመሩት በእጅ የሚያዙት በራሳቸው ባትሪ ስለሚሠሩ ለመንገድ ይመቻሉ። ለማስተማሪያ ተቋም ግን የምንመርጠው ላፕቶፕ ላይ የሚሰካውን ነው፤ እንደ ፒኮስኮፕ 2204ኤ ያለ ባለ ሁለት ቻናል፣ 10 ሜጋኸርዝ፣ ኤሲ ኮፕሊንግ ያለው። ምክንያቱም በትንሽ መስኮት ዙሪያ 30 ሠልጣኝ ተጋፍቶ ከሚያይ ምስሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ከዚህም በላይ የጤነኛ መኪናዎችን ሞገድ አስቀምጦ መዝገብ መሥራት ይቻላል። ጤነኛውን ያላየ ሰው የታመመውን በምን ያውቃል?

መሣሪያው ከመጣ በኋላ ያለውን ጥንቃቄም አንርሳ። ጥቁሩ መቆንጠጫ ሁልጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይሁን፤ ፖዘቲቭ ላይ ከተያዘ መሣሪያውንም ላፕቶፑንም ሊያቃጥል ይችላል። በምርመራ ጊዜ የላፕቶፑ ቻርጀር ይነቀል። ሽቦ በመርፌ አይበሳ፤ የበሳነው ቀዳዳ ውኃ እያስገባ መዳቡን ይበላዋል፣ እኛው አዲስ ብልሽት ተከልን ማለት ነው። ቀጭን ፒን በሶኬቱ ጀርባ ማስገባት ይሻላል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዲገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ እነዚህ መኪናዎችም ወደ ጋራዥ መምጣታቸው አይቀርም። በነርሱ ባለ 12 ቮልት መስመርና በካን ላይ ይኸው መሣሪያ ያገለግላል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ተሸካሚ ስለሆነ ጀማሪ እጁን አያስገባ።

ለመጀመሪያ ልምምድ የሚሆን አንድ ሥራ እንጠቁም። የቤንዚን ፓምፑን ቫልቮላ ነቅላችሁ ሞተሩ እንዳይነሣ ካደረጋችሁ በኋላ፣ አንዱን ቻናል በኤሲ ኮፕሊንግ ባትሪው ላይ ይዛችሁ ሞተሪኖውን አምስት ሴኮንድ ያህል አዙሩ። እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር ሲያምቅ ሞተሪኖው ስለሚከብደው የባትሪው ቮልት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ እኩል ጎድጓዶች በተርታ ይታያሉ። አንዱ ጎድጓድ ከሌሎቹ ጎላ ብሎ ካነሰ ያ ሲሊንደር አፍኖ አይዝም፤ ቫልቩን ወይም ፋሻውን ጠርጥሩ። የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛውን ቻናል በማሳነሻው በኩል በአንደኛው ሲሊንደር ኢንጀክተር ሽቦ ላይ ያዙና ከዚያ ምልክት በኋላ ከሚመጣው ጎድጓድ ጀምራችሁ በአቀጣጠል ተራ ቁጠሩ። መነሻው በየሞተሩ ይለያያልና በጤነኛ መኪና ላይ አንዱን ኢንጀክተርና ጎድጓዱን አስቀድማችሁ አመሳክሩ። ለብዙዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።