በዛብህ ምን መሆን ይፈልግ ነበር?

ዛሬ የምናወራው ሁላችሁም ስለምታውቁት አንድ ወጣት ነው። ጎረቤታችሁ ወይም የክፍላችሁ ልጅ አይደለም። በወረቀት ላይ ተወልዶ በወረቀት ላይ የሞተ ሰው ነው፤ የማንኩሳው በዛብህ። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ብትሆኑ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ አዳምጣችሁት ይሆናል።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያልተባለ ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ስማር መጽሐፉን ያየነው በመደብ ዓይን ነበር። እሱ የድኃ ገበሬ ልጅ፣ እሷ የፊታውራሪ ልጅ፤ መሃላቸው የቆመው የዘር አጥር ነው፣ አለቀ። ፈተና ላይ እንደዛ ብዬ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። መልሱም ስህተት አልነበረም። ነገር ግን ሥራ ይዤ ከእናንተ እድሜ ልጆች ጋር መዋል ስጀምር አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር። ፊታውራሪ መሸሻ ባይኖሩስ? ሰብለም የገበሬ ልጅ ብትሆንስ? በዛብህ ያኔ ያለ ጭንቀት ያገባት ነበር? እኔ አይመስለኝም። ከፊታውራሪው በፊት፣ ከሰብለም በፊት፣ በበዛብህ ውስጥ የተዘጋ በር ነበር። እስቲ ያንን በር በሥነ ልቦና ምሁራን መነጽር እንየው።

ሳይጠየቅ የተሰጠ ልጅ

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩት። ሕፃኑ እንዳይሞትባቸው ሲሠጉ ለፈጣሪ ተሳሉት። ካደገ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሆናል፤ ሚስት ሳያገባ፣ ዓለምን ሳይመኝ ይኖራል። በዛብህ ይህ ሁሉ ሲወሰን ሐሳቡን ሊጠየቅ የሚችልበት እድሜ ላይ አልነበረም።

ልብ በሉ፣ ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስለቱ ከፍቅር የመጣ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይሄው ነው። ክፉ አባት የጫነብህን ሸክም አንድ ቀን ተናደህ ልትጥለው ትችላለህ፤ ከፍቅር የመጣውን ግን በምን አንጀትህ? ደግሞም ከአባት ጋር መከራከር ይቻላል፣ ሽማግሌ መላክ ይቻላል። ስለት ላይ ግን ባለ ዕዳው አንተ፣ ዕዳው የሚከፈለው ለፈጣሪ ነው። ማን ሽማግሌ ይላካል?

ሁለት ምሁራን፣ አንድ ጥያቄ

ኤሪክ ኤሪክሰን በጀርመን አገር ተወልዶ በኋላ አሜሪካ የኖረ የሥነ ልቦና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ልጅ ከልደት እስከ እርጅና ስምንት ደረጃዎችን ያልፋል አለ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚጠብቀን ፈተና አለ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ለዛሬ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። አምስተኛው በአፍላ ወጣትነት፣ ማለትም በእናንተ እድሜ የሚመጣው ሲሆን ጥያቄው «እኔ ማን ነኝ?» የሚል ነው። ስድስተኛው ደግሞ «ልቤን ለሌላ ሰው ከፍቼ አብሬ መኖር እችላለሁ ወይ?» ይላል። እንደ ኤሪክሰን አባባል አምስተኛውን በወጉ ያልተወጣ ሰው ስድስተኛው ላይ ይቸገራል። ማንነቱን ያልለየ ሰው ራሱን ለሌላ እንዴት ይሰጣል? (በነገራችን ላይ ኤሪክሰን ወላጅ አባቱን አያውቅም ነበር። ያደገው በእንጀራ አባቱ ስም ነው፤ «ኤሪክሰን» የሚለውን ስም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ራሱ ነው ያወጣው። ስለ ማንነት እድሜ ልኩን ቢጽፍ አይገርምም።)

ከዚያ ጄምስ ማርሲያ የተባለ ተመራማሪ መጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1966 ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ጊዜ ጋር መቀራረቡ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ደስ ይለኛል። ማርሲያ የኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ እያነጋገረ ሁለት ነገር ይመረምር ነበር። አንደኛ፣ ቁርጥ ያለ አቋም ይዘሃል ወይ? ሁለተኛ፣ ከመያዝህ በፊት ሌላውን አማራጭ አገላብጠህ አይተሃል ወይ?

ለሁለቱም «አዎ» የሚል ሰው ማንነቱን አግኝቷል ይባላል። ለሁለቱም «አይ» የሚለው ገና የተበተነ ነው፤ «እንደመጣ ይሁን» የሚለው ዓይነት። እየፈለገ ያለ ግን ገና ያልወሰነ ከሆነ ሞራቶሪየም ላይ ነው፤ እንደ እፎይታ ጊዜ ውሰዱት። አራተኛው ቁርጥ ያለ አቋም ይዟል፣ ግን ፈልጎ አያውቅም። ሌላ ሰው ፈልጎለት፣ ሌላ ሰው ወስኖለት፣ እሱ የተረከበ ነው። ይህን ፎርክሎዠር ይሉታል። እኔ «ሳይከፈት የተዘጋ» እያልኩ ነው የምጠራው።

ይህ አራተኛው ልጅ ከውጭ ሲታይ ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም የሰፈሩ ወላጆች «እንደሱ ሁኑ» እያሉ ልጆቻቸውን የሚመክሩበት እሱ ነው። በዛብህም እንዲሁ ነበር። ጨዋ ነው፣ ትጉህ ነው፣ በቅኔ የተመሰከረለት ነው። ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን እንዲያስተምር ቤታቸው አስገቡት። የሆነውን ታውቃላችሁ። እንደ እኔ አነባበብ በዛብህን መጀመሪያ ያስጨነቀው የፊታውራሪው ቁጣ አይደለም፣ የገዛ ልቡ ነው። «ሰብለን ልውደድ ወይስ አልውደድ?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ «ስለቱ የኔ ነው ወይስ የእናቴ?» የሚለውን መልስ ይፈልጋል። ያንን ደግሞ በ15 ዓመቱም በ18 ዓመቱም ጠይቆ አያውቅም።

መንገዱ ተሰጥቶት ነበር

እዚህ ላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ኤሪክሰን ወጣት ከቤቱ ወጣ ብሎ፣ የትልቅ ሰው ኃላፊነት ሳይጫነው፣ ራሱን የሚፈትሽበት ጊዜ ያስፈልገዋል ይላል። የኛ አገር ቆሎ ተማሪ ይህንን በሚገባ አለው! አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በማይታወቅበት አገር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ እየተከላከለ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይዞራል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዛብህም ከማንኩሳ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ የሄደ ልጅ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው? መንገዱን ሰጡት፣ መድረሻውን ግን አስቀድመው ነገሩት። ቅኔ ማለት ደግሞ ሰምና ወርቅ ነው፤ አንዱን ቃል ሁለት ትርጉም ይሰጡታል። በዛብህ ይህን ሌት ተቀን እየተማረ፣ የራሱን ሕይወት ግን ባንድ ትርጉም ብቻ ነበር የሚያነበው።

ሰብለ ወንጌልን ደግሞ ተመልከቷት። የእሷም ሕይወት በሌላ ሰው የተወሰነ ነው። አባቷ የመጣውን ሁሉ «በዘር አይመጥናትም» እያሉ ሲመልሱ እድሜዋ ሄደ። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ከሸሸ በኋላ ግን ተነሳች። ወንድ መነኩሴ መስላ፣ የባላባት ልጅነቷን ጥላ፣ በእግሯ መንገድ ገባች። ደርሳም ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ መነኮሰች።

ከሁለቱ ማንነቱን ያገኘው ማነው ብትሉኝ ሰብለ ናት እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፤ «መመንኮስ ተስፋ መቁረጥ እንጂ ምርጫ ነው እንዴ?» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ግን እዩት፤ በዛብህ የታሰበለት ኑሮና ሰብለ የኖረችው ኑሮ በስም አንድ ናቸው። የእሱን ወላጆቹ ተሳሉለት፣ የእሷን ማንም አልተሳለላትም። የማርሲያ ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ዋናው ነገር የያዝከው ምን እንደሆነ አይደለም፣ እንዴት ወደ እጅህ እንደገባ ነው።

ጉዱ ካሣስ? እሱ ሁሉን የጠየቀ ሰው ነው፤ ያገሩን ልማድ፣ የራሱን ዘመዶች ጭምር። ግን ስሙን አትርሱ። ካሣ ዳምጤ የነበረው «ጉዱ» ተባለ። መጠየቅ በነፃ አይደለም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን ሳወራ ከተማሪዎች መሃል ሁልጊዜ አንድ እጅ ይነሳል፤ «ቲቸር፣ ይሄ ለኛ አይሠራም» ይላል። (አስተማሪ አይደለሁም፣ ግን ቲቸር ይሉኛል፤ ተውኩት።) ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ማርሲያ መጀመሪያ ያነጋገራቸው የአሜሪካ ወንዶች የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ልጅ የመንደሩና የዘመዱ ሁሉ በሆነበት አገር የወላጅን ቃል መቀበል በሽታ አይደለም። የወላጆቻቸውን መንገድ ሳይጠይቁ የያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተረጋጉ መሆናቸውንም ጥናቶች አሳይተዋል። በዛብህም ቢሆን ሰብለን እስኪያይ ድረስ የተረጋጋ ነበር። ጭንቁ የሚመጣው በውሉ ውስጥ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ነው።

ይህን ለማለት የደፈርኩት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱንም ስሙንም አልጠራም። 10ኛ ክፍል ነው። በክበባችን ስለ በዛብህ ስንወያይ ዝም ብሎ ቆየና ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረብ ብሎ «የኔም እንደሱ ነው» አለኝ። ትልቅ እህቱ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። የምትልከው ገንዘብ እሱን ሐኪም ለማድረግ ነው። ቤት ውስጥ ገና ካሁኑ «ዶክተር» ነው የሚሉት። ባዮሎጂ አይገባውም። በሚቀጥለው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን መምረጥ አለበት፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

«ሐኪም ባትሆን ምን መሆን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«አላውቅም። ማሰቡ ራሱ እሷን መካድ ይመስለኛል» አለኝ።

እኔ ሐኪም አትሁን አላልኩትም። እንደዛ ብለው በዛብህን ከአንድ ስለት አውጥቼ ሌላ ስለት ውስጥ መጨመር ይሆንብኝ ነበር። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህትህን ጠይቃት። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻ አንድ እሁድ ስትደውል፣ እናቱ ቡና ልትወቅጥ ጓዳ ስትገባ፣ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣና ነገራት።

«እኔ መቼ ሐኪም ሁን አልኩህ? እማዬ ናት ያለችው። እኔ ተማር ነው ያልኩት» አለችው። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ታዲያ ምን መሆን ነው የምትፈልገው?» ስትል ጠየቀችው።

መልስ አልነበረውም። እስካሁንም የለውም። ባለፈው ሳገኘው ከአንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየዋለ ነበር፤ ባዮሎጂውንም አልተወም፣ አብሮት የሚያጠና ጓደኛ ይዟል። እህቱ በየእሁዱ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ወሰንክ?» እሱም «ገና ነኝ» ይላታል።