ለታወር የሚበቁ ልጆች

በጊፋታ ሰሞን ወላይታ ሶዶ አንድ ቤት ተጋብዤ፣ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ ወጣት ለአጎቱ ስልክ ቁጥር ሲያስመዘግብ ሰማሁ። «ዚሮ ናይነር…» ብሎ ጀመረ። አጎቱ እስክሪብቶ እንደያዙ ቀና አሉ። «ምን አልከኝ የኔ ልጅ?»

ልጁ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ተማሪ ነው። በሬዲዮ ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሦስት «ትሪ»፣ አምስት «ፋይፍ» ይባላል፤ መስመሩ ሲንኮሻኮሽ ቁጥር ከቁጥር እንዳይምታታ። ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «ከባድ ነው» ብሎ ዝም አለ። ዝምታው አልለቀቀኝም።

ስለ ተቆጣጣሪዎች አገሩ ሁሉ ያወራው በነሐሴ 2010 ነበር። ሥራ ማቆሙን፣ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄውን፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የታሰሩትን ዘጠኝ ባለሙያዎች አንባቢ ያስታውሳል። እኔን ዛሬም የሚከነክነኝ ክፍተቱ የተሞላበት መንገድ ነው። ጡረታ የወጡ ሰዎች ተጠሩ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የአየር ክልሉ ደህንነት ያሰጋል አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስተባበለ። በዚያ ጭንቅ ወንበሩ ላይ ተማሪ ማስቀመጥ ግን የማይታሰብ ነበር።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የተቆጣጣሪነት ፈቃድ አይሰጥም። ጤናው ይመረመራል፤ ንድፈ ሐሳቡን ይፈተናል። ከዚያ እውነተኛ አውሮፕላኖችን እየተቆጣጠረ፣ ከኋላው አሠልጣኝ ቆሞ፣ ለታወር (ለኤርፖርት መቆጣጠሪያ ማማ) ቢያንስ 90 ሰዓት ወይም አንድ ወር፣ ለአካባቢ ቁጥጥር (በጉዞ ላይ ላሉ አውሮፕላኖች) 180 ሰዓት ወይም ሦስት ወር ይሠራል፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። የቦሌ ታወር ሬቲንግ፣ ማለትም እዚያ የመሥራት ብቃት ማረጋገጫ፣ ያለው አርባ ምንጭ ሄዶ ልሥራ ቢል እንኳ ለዚያ ታወር እንደገና መሠልጠን አለበት።

ጡረታ የወጡ አንድ ተቆጣጣሪ የተማሪነታቸውን ዘመን እንዲህ ነገሩኝ፦ «መኪና ቢሆን ዳር ያዝ ትለዋለህ። አውሮፕላን ቆሞ አይጠብቅህም። ስትሪፑ፣ የየበረራው ወረቀት፣ ፊትህ ተደርድሯል፤ ማን የት እንዳለ፣ ቀጥሎ የት እንደሚሆን በጭንቅላትህ ይዘሃል። ፒክቸሩ ከጠፋብህ አለቀልህ! እኔ አንድ ቀን ጠፋብኝ። አፌ ደረቀ። አሠልጣኜ ምንም ሳይለኝ ማይኩን ወሰደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ እንጀራ አልወርድ አለኝ።» ሲያወሩ ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ወረቀት ይደረድራሉ። «ጎበዝ ተማሪ ነው ቀድሞ የሚሰበረው» አሉ። «ከዚያ በፊት ወድቆ አያውቅማ!»

በእንግሊዝኛ የመናገር ግዴታም አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1996 ከዴልሂ አቅራቢያ ቻርኪ ዳድሪ ሰማይ ላይ የሳውዲ ቦይንግ 747 እና የካዛኪስታን ኢሉሺን 76 ተጋጭተው 349 ሰዎች አለቁ። የካዛኩ አውሮፕላን እንዲጠብቅ ከታዘዘበት 15,000 ጫማ በታች ወርዶ ነበር፤ ምርመራው የአብራሪዎቹን የእንግሊዝኛ ድክመት ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቀሰ። የአቪዬሽን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ስድስት ደረጃ ያለው የቋንቋ መመዘኛ አወጣ። ማለፊያው አራተኛው ደረጃ ነው፤ እሱም ቢሆን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የሶዶው ልጅ አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ቀጥሎ፣ እንግሊዝኛን ከዚያ በኋላ ተማረ። መመዘኛው ትክክል ነው፤ ማንም እንዲላላ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ይህ ልጅ ለተመሳሳይ ውጤት ከብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቹ የበለጠ መንገድ እንደሚሄድ ማን ቆጥሮለታል?

ስንት ተማሪ ገብቶ ስንቱ ሬቲንግ ላይ እንደሚደርስ፣ ለሚጨነቁት ምን ድጋፍ እንዳለ አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። «በደብዳቤ ይምጣ» አሉ። ደብዳቤው ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን አያነሱም።

ሳያልፉ የቀሩት ላይ ያለው ጫና ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በሲቪል በረራው ዘርፍ ከአንዱ ቀጣሪ ውጭ ይህን ሙያ ይዞ በር የሚያንኳኳበት ሁለተኛ ቤት የለም። የሶዶው ልጅ አብራው የገባች ጓደኛውን አንስቶልኝ ነበር፤ አልፋ አልወጣችም። አሁን የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። እርሱ ታወር ላይ ልምምድ የሚጀምርበትን ቀን እየጠበቀ ነው።